የሻወር ዱካ ከየትኛው እንጨት ይሠራ? ማማ ከቢራን ለምታጥቡ እህቶች



ባለፈው ሳምንት ጅዳ የምትሠራ አንዲት እህት በድምፅ መልእክት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ማማ ከቢራ ቆመው መታጠብ አቅቷቸዋል። እኔ ባልዲ ገልብጬ ነው የማስቀምጣቸው። ሹፌሩ ከእንጨት ዱካ ልሥራላችሁ ብሏል። የቱን እንጨት ልበለው?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን መልእክቱን ስሰማ እጄ ሳላስበው ወደ ወገቤ ሄደ። ለምን እንደሆነ በመጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ እንጨቱ እንሄዳለን።

በእኔ ላይ የደረሰው

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ጅዳ የገባሁት በ21 ዓመቴ ነው። ኮንትራቴ ላይ የተጻፈው ቤት ማጽዳትና ምግብ ማብሰል ነበር። ስደርስ ግን የማዳም እናት እዚያው ቤት ይኖራሉ፤ እሳቸውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ሽንት ቤት ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ሰውነታቸው ከበድ ያለ ነው፣ ጉልበታቸው ደግሞ ደክሟል። መጀመሪያ በላስቲክ ወንበር ነበር የማጥባቸው። ወንበሩ በሳሙናው ውሃ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ለማዳም ነገርኳት። ሹፌሩ ከተጣለ ቁም ሣጥን በተረፈ እንጨት ዱካ ሠራልን። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት ወር አልሞላውም። መጀመሪያ ጠርዙ ውሃ እንደነካው ዳቦ አበጠ። ቀጥሎ አንዱ እግር መነቃነቅ ጀመረ። ለማዳም ብነግራት «በኋላ እናየዋለን» አለችኝ። አንድ ጠዋት የማማ ከቢራን ፀጉር እያጠብኩ ሳለ ብሎኑ ከእንጨቱ ወለቀና ዱካው ወደ አንድ ጎን ሄደ። እንዳይወድቁ ብዬ በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኳቸው። እሳቸው ክንዳቸው ትንሽ ተላጠ እንጂ ተረፉ፤ የእኔ ወገብ ግን «ቀጭ» አለ። ለሦስት ሳምንት ጎንበስ ብዬ ከመሬት ዕቃ ማንሳት አልቻልኩም። ቤተሰቡ ደግሞ «አንቺ በደንብ አልያዝሻቸውም» አሉኝ። ምን ልመልስ? ዱካው እየተበላሸ ነው ብዬ መናገሬን የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ አንድ መልእክት እንኳ በእጄ አልነበረም።

እንግዲህ የሻወር ዱካ የሁለት ሰው አካል የሚጠብቅ ዕቃ ነው፤ የማማ ከቢራን ዳሌና የአንቺን ወገብ። ለዚህ ነው እንጨቱን ማወቅ ያለብን።

በመጀመሪያ የተዘጋጀ ወንበር ጠይቂ

ከእንጨቱ በፊት አንድ ነገር ልበል። በሰይደሊያና የሕክምና ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ለሻወር ተብሎ የተሠራ ወንበር አለ፤ «ኩርሲ ኢስቲሕማም» ይሉታል። እግሩ አሉሚንየም፣ መቀመጫው ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ፣ የእግሩ ጫፍ ጎማ ነው። ከፍታው ይስተካከላል፣ ስንት ኪሎ እንደሚሸከምም ተጽፎበታል። መጠየቅ ያለብሽ መጀመሪያ ይህንን ነው። በቀላል ዐረብኛ እንዲህ በይ፦ «ላዚም ኩርሲ ኢስቲሕማም፣ ዐሻን ማማ ማ ተጢሕ።» ማማ እንዳይወድቁ የሻወር ወንበር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ማማ ከቢራ ያለ መደገፊያ ቀጥ ብለው መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነው የሚያስፈልጋቸው። ለእሳቸው ተራ ዱካ ከየትኛውም እንጨት ቢሠራ አይሆንም።

ቤተሰቡ «አይ፣ ከእንጨት እናሠራለን» ካሉ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ይዘሽ ቅረቢ።

እንጨት ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል?

እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ባበጠና በተሰበሰበ ቁጥር ብሎኑ ያለበት ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፣ እግሩም መነቃነቅ ይጀምራል። ሳይደርቅ ከቆየ ይሻግታል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል። ስለዚህ የምንፈልገው ውሃ ቶሎ የማይጠጣ፣ ጠንካራ፣ በራሱ ዘይት ያለው እንጨት ነው።

ይህንን ከአገራችንም እናውቀዋለን። ለአጥር ምሰሶ ጽድ ሲገኝ ሌላ ማን ይፈልጋል? ጽድ ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በነገራችን ላይ ከጣኢፍ እስከ አሲር ባሉት ተራሮች ላይ የሚበቅለው፣ ዐረቦቹ «ዓርዓር» የሚሉት ዛፍ የእኛው ጽድ ነው። ነጃር ቤት ግን አትጠብቂው፣ እዚያ የሚሸጡት ሌሎች ናቸው።

ነጃር ቤት የምትሰሚያቸው ስሞች

ሳጅ (ቲክ)። ለሻወር የሚመረጠው ይህ ነው። ቡናማ ወደ ወርቅማ የሚያደላ፣ ከበድ ያለ፣ ሲዳሰስ ቅባት ቅባት የሚል እንጨት ነው። የራሱ ዘይት ስላለው ውሃ ቶሎ አይገባበትም። ጅዳ ያላችሁ እህቶች በባላድ፣ በአሮጌው ከተማ ስታልፉ ከፎቅ ቤቶቹ ፊት የተንጠለጠሉትን ባለ ጥልፍ የእንጨት መስኮቶች አይታችኋል፤ «ሮሻን» ይባላሉ። አብዛኛው የተሠራው በመርከብ ከመጣ ሳጅ ነው። የቀይ ባሕርን እርጥበትና ያንን ፀሐይ ተሸክመው ለረጅም ዘመን ቆመዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2014 አሮጌውን ጅዳ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሳጅ ዋጋው ውድ ነው፣ ስለዚህ ሌላ እንጨት ቀለም ቀብተው ሳጅ ነው ሊሉ ይችላሉ። ያልተቀባ ቁራጭ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ወዲያው ከጠጣው ተጠራጠሪ። ሲቆረጥ ብናኙ አፍንጫና ቆዳ ስለሚያሳክክ ራቅ በይ።

ዛን። ቀላ ያለ፣ ጠንካራና ለስላሳ እንጨት ነው፤ ለወንበርና ለአልጋ ይወዱታል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነው። ሻወር ውስጥ ግን ያብጣል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ጥንካሬው እንዳያታልልሽ።

ሰዊዲ። ነጭ፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጎድ ነው። ውሃ ይጠጣል። ሌላ ጨርሶ ካልተገኘ ሁሉም ጎኑ ውሃ በማያስገባ ቨርኒሽ ተቀብቶ፣ በየሳምንቱ እየታየ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል። ቨርኒሹ የተላጠ ቀን ሥራው አብቅቷል።

አብላካሽ። እኛ ኮምፔልሳቶ የምንለው ነው። ስስ ስስ ሆኖ በኮላ የተደራረበ ስለሆነ ውሃ ከጠርዙ ሲገባ ይገነጣጠላል።

ኤምዲኤፍና ቺፕውድ። የእኔ ነጭ ዱካ ይህ ነበር። የእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ፣ በላዩ ስስ ሽፋን ተለጥፎበት ነው የሚሠራው። ውሃ አንዴ ከገባው ያብጣል፣ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ብሎንም አይዝም። ላዩ ማማሩን አትዪ፤ ጠርዙን ወይም ስሩን እዪ። እንደ ገለባ ፍርፋሪ ወይም እንደ ካርቶን ከታየሽ ሰው አይቀመጥበትም።

የፓሌት እንጨት። ከሱቅና ከወደብ የሚጣለው ነው። በነጻ ስለሚገኝ ብዙዎች ይሠሩበታል። ስንጥሩ ብዙ ነው፣ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደፈሰሰበትም አይታወቅም። ማኅተሙ ላይ ኤች-ቲ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ በሙቀት የታከመ ነው ማለት ነው። ኤም-ቢ ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። ኤም-ቢ ያለውንም፣ ማኅተም የሌለውንም ወደ መታጠቢያ ቤት አታስገቢ።

አረንጓዴ የሚል በኬሚካል የተነከረ እንጨት። ከአሮጌ አጥርና ከውጭ ምሰሶ የሚነቀል እንዲህ ያለ እንጨት አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። እርጥብ ገላ የሚነካው ቦታ ላይ አይደረግም፣ ሲቃጠልም ጭሱ አደገኛ ነው።

ጅዳና መካ አንድ አይደሉም

ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ እርጥብ ነው። ዱካው ጠዋት ረጥቦ ማታም ላይደርቅ ይችላል፤ ሻጋታ ይበዛል። ከታጠቡ በኋላ ዱካውን በጎኑ አጋድመሽ ማራገቢያውን ክፈቺ፣ በሩንም ገርበብ አድርጊ።

መካ ደግሞ ሙቀቱ ደረቅ ነው። እንጨቱ ይርሳል፣ ይደርቃል፣ ይርሳል፣ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሰነጠቃል። እኔ በኋላ መካ ስሠራ የቤቱ ትልቅ ሴትዮ ዱካውን ለውዱእም ይጠቀሙበት ነበር። ለአምስቱም ሶላት እግራቸውን የሚታጠቡት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ በየሳምንቱ ስንጥቅና ስንጥር መኖሩን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊ። የአሮጊት ቆዳ ስስ ነው፤ ስኳር ላለባቸው ደግሞ ትንሽ ጭረትም ለመዳን ይቸገራል።

ለሚሠራው ሰው የምትነግሪው

ከፍታ። ማማ ከቢራ ሲቀመጡ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት በደንብ መርገጥ አለባቸው። ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ኋላ ድረስ ለኪ፣ ያ ነው ከፍታው።  ዝቅ ካለ ሲነሡ ክብደታቸው በአንቺ ላይ ይወድቃል።

መቀመጫ። ስፋቱ 50፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ድፍን ሳንቃ ውሃ ያቁራል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያላቸው ቁርጥራጮች ይደረደሩ። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ ጣት ወይም ቆዳ ይቆነጥጣል። እያንዳንዱ ሳንቃ 2 ሳንቲ ሜተር ተኩል ያህል ውፍረት ይኑረው።

ብሎን። ስታንለስ ስቲል ይሁን። ተራ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም እንጨቱን ይበላዋል። ምስማር ብቻውን አይበቃም፣ እየላላ ይወጣል። ብሎኑ ከታች በኩል ይግባ፤ ገላ የሚነካው ላይ ምንም የብረት ራስ እንዳይወጣ።

እግር። አራቱም ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነበሉ፣ በመካከላቸው በአግዳሚ እንጨት የተያያዙ ይሁኑ። ጫፋቸው ላይ ለምርኩዝ የሚሸጠው ጎማ ይደረግ።

ልስላሴና ቅባት። ሁሉም ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ይለስልስ። ሳጅ ሳይቀባም ይሠራል፣ የእንጨት ዘይት ቢቀባም ጥሩ ነው። መቀመጫው ላይ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ቨርኒሽ ሳሙና ሲነካው እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ውሃ በብዛት የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በእግሮቹ ስር ስለሆነ እነዚያ ሳይቀቡ አይታለፉ። ተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው ወይም ውሃ ውስጥ ነክረሽ ከዚያ ጣይው።

ማማ ከቢራ ከመቀመጣቸው በፊት

መጀመሪያ ከእሳቸው የሚከብድ ጤነኛ ሰው ይቀመጥበት፤ ቢቻል ልጃቸው ወይም የሠራው ሰው ራሱ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝወዝ። በደረቅ ወለል ከተሞከረ በኋላ በእርጥብ ወለል ይደገም። ከተንቀጠቀጠ፣ ከጮኸ ወይም ከተንሸራተተ ይመለስ። ይህንን ቤተሰቡ እያዩ አድርጉት፤ ነገ ዱካው ጥሩ ነበር አልነበረም የሚል ክርክር አይመጣም።

ስታጥቢ ወገብሽን ጠብቂ

ውሃውን አስቀድመሽ በክርንሽ ለኪ። ፎጣውንና ሳሙናውን ካጠገብሽ አድርጊ፤ እሳቸውን ብቻቸውን ትተሽ አትሂጂ። ሲቀመጡ ዱካው ከእግራቸው ኋላ መንካቱን ይወቁ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ስታነሻቸው ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን ቀጥ አድርጊ፣ ተጠግተሽ ያዢ። አንገትሽ ላይ እንዲንጠለጠሉ አትፍቀጂ። በብብታቸው ይዘሽ አትጎትቺ፣ ትከሻቸው ይጎዳል። እሳቸው ራሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በእግራቸው ሲገፉ አንቺ ታግዣለሽ።

ድንገት ከተንሸራተቱ እንደ እኔ ሙሉ ክብደታቸውን ለመሸከም አትሞክሪ። በሰውነትሽ እየተደገፉ ቀስ ብለው ወደ ወለሉ እንዲወርዱ አድርጊ። ከወደቁ ወዲያው አታንሻቸው። ራሳቸው ከተመታ፣ ዳሌያቸውን ካመማቸው ወይም እግራቸውን ማንቀሳቀስ ካቃታቸው በ997 ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ይደወል፤ በመካ ክልል፣ ጅዳን ጨምሮ፣ 911ም ይሠራል።

ስለ ጽዳቱ

በየቀኑ ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃል፤ ካጠብሽው በኋላ በጨርቅ አድርቂው። ክሎሮክስ ደጋግሞ እንጨት ላይ ማፍሰስ እንጨቱን ያሻክረዋል። ሻጋታ ካየሽና ክሎሮክስ መጠቀም ግድ ከሆነ በውሃ አቅጥነሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በሩን ከፍተሽ ይሁን። ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ዓይንሽን ካቃጠለሽና ካስሳለሽ ሁሉንም ትተሽ ውጪ፣ ንጹሕ አየር አግኚ።

መብትሽ የቱ ድረስ ነው?

ደኅንነቱ የተጠበቀ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ድርሻ ነው፤ ከደሞዝሽ ገዝተሽ አታምጪ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ጤናሽንና አካልሽን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ እንዳያሠራሽ፣ ከኮንትራቱ ውጭ የሆነ ሥራም እንዳይጭንብሽ ይከለክላል። ኮንትራትሽ ሙሳነድ ላይ አለ፤ የሥራሽ ዓይነት ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዪው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠሪ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እንድታርፊ ይላል። በሕክምና ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድም አለሽ። ስለዚህ ወገብሽን ካመመሽ ሐኪም የሚሰጥሽን ወረቀት አትጣይ። «ዱካው በአንቺ ምክንያት ተሰበረ» ብለው ደሞዝሽን ሊቆርጡ ቢሉ፣ ሆን ብለሽ ወይም በቸልተኝነት ካላጠፋሽ በቀር አይፈቀድላቸውም።

አሁን እኔ ያላደረግሁትን አንቺ አድርጊ። ዱካው ሲበላሽ ፎቶ አንሺ፤ የዱካውን ብቻ፣ የማማ ከቢራን ገላ ወይም ፊት በፍጹም አታንሺ። ፎቶውን ለማዳም በዋትስአፕ ላኪና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «አል-ኩርሲ መክሱር፣ ኸጢር ዐላ ማማ።» ወንበሩ ተሰብሯል፣ ለማማ አደገኛ ነው ማለት ነው። መልእክቱን አታጥፊው። የተሰበረ ዱካ ላይ ማስቀመጥ ካስገደዱሽ በአክብሮት «እፈራለሁ፣ ማማ ይወድቃሉ» በይ፤ እስኪስተካከል አልጋ ላይ ተቀምጠው በእርጥብ ፎጣ ሊታጠቡ ይችላሉ። ነገሩ ከከረረ የሳዑዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ለጤና ምክር 937 አለ። ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላም የእናንተ ነው።

ያቺ መካ ያለችው ዱካ

መካ የገባሁበት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለልጃቸው ሁሉንም ነገርኩት፤ ጅዳ የሆነውን፣ ወገቤን፣ ነጩን ዱካ። ዝም ብሎ ሰማኝና በማግሥቱ ነጃር ቤት ይዞኝ ሄደ። ነጃሩ መጀመሪያ ዛን አቀረበ። እኔ ለሻወር መሆኑን ስነግረው ሳቅ አለና ከጓሮ ሳጅ አመጣ። ገንዘቡ ለልጃቸው ከበደው፣ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከአሮጌ በር የተረፈ የሳጅ ቁራጭ ተገኘና በእሱ ተሠራ። እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ስሠራ ሁለት ጊዜ የእግሩን ጎማ ቀየርን፣ አንድ ጊዜ ብሎን አጠበቅን። ሌላ ነገር አልነካነውም።

ወገቤ ግን ዛሬም ብርድ ሲሆን ያስታውሰኛል። ለዚያች ለጠየቀችኝ እህት የመለስኩላት ይህን ነው፦ ባልዲውን ዛሬውኑ ተይው፣ የተዘጋጀ ወንበር ጠይቂ፣ እንቢ ካሉ ሳጅ ይሁን፣ ከቁም ሣጥን የተረፈ ከሆነ ጠርዙን አይተሽ እንቢ በይ። ያመጡትን እንጨት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ጠርዙ ፍርፋሪ ነበር። ሹፌሩ መልሶ ወስዶታል።

እናንተም ጠርዙን እዩ፣ አደራ።